የፊት ፍሬን ቱቦና የፍሪሲዮን ሽቦ ቤት ውስጥ ልቀይር ነው፣ ምከሩኝ

የማርቆሱ፦

ሰላም ሞተረኞች። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፣ የምነዳው አፓቺ አርቲአር 180። ሁለተኛ እጅ ስለሆነ ምን ያህል እንደሰራ አላውቅም፣ ቆጣሪው የሚለውን ማመን ደግሞ ከባድ ነው። የፊት ፍሬን ቱቦው አብሮት የመጣው ጎማ ነው፣ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) አጠገብ ጎንበስ ብዬ ሳየው ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት።

ችግሩ ይሄ ነው። ከተማ ውስጥ ፍሬኑ ደህና ይይዛል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስወርድ ግን ድልድዩ ጋ ሳልደርስ እጀታው እየላላ ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ መሪውን ሊነካ ምንም አይቀረው። ታች ቆሜ ካረፍኩ በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል። ፍሪሲዮኑም ከብዷል፣ ጣቴን ገደለኝ። አንዳንዴ ጭራሽ ፍሪሲዮን ጨርሼ ይዤ ማርሽ ሳስገባ ሞተሩ ወደፊት ይጎትታል።

ዱባይ ያለ የአክስቴ ልጅ በብረት ክር የተጠለፈ የፍሬን ቱቦ ልላክልህ ብሎኛል። በዚያው ፍሪሲዮኑንም በዘይት የሚሰራ ላድርገው ብዬ አሰብኩ። ጋራዥ መውሰድ አልፈልግም፣ ባለፈው አንዱ ጋ ሸራ አስቀይሬ የብሎኑን ጥርስ በልተው መለሱልኝ። ቤት ውስጥ የሚቻል ስራ ነው? በተለይ መደረግ የሌለበትን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ባለ ፐልሰር (አዲስ አበባ)፦

ወንድሜ በደንብ ይቻላል። እኔ ዕቃ የማድረስ ስራ ላይ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ፍሬንና ፍሪሲዮን ስይዝ ነው የምውለው፣ የብረት ክሩን ቱቦ ካስገባሁ በኋላ ሞተሩ ሌላ ሆነ ነው የምልህ። ጎማው ሲያረጅ ፍሬን በያዝክ ቁጥር ራሱ ይነፋል፣ ጉልበትህ ግማሹ እዚያ ያልቃል። ይሄኛው ውስጡ ቴፍሎን ነው፣ ውጪው የማይዝግ ብረት ክር። አይነፋም። እጀታው ጠንከር ይላል፣ ፍሬኑ በጣትህ ልክ ይታዘዝልሃል።

የ8 ቁልፍ፣ የ12 ወይም የ14 ቁልፍ፣ ቀጭን የላስቲክ ቱቦና ሲሪንጅ ካለህ በቃህ። ዘይቱ ቀለም ይበላል፣ ታንከሩን በጨርቅ ሸፍን። ከነካው ቶሎ በብዙ ውሃ እጠበው፣ በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ ብቻ አትለፈው። የዱባዩ ከዘገየብህ ደግሞ ለኤክስካቫተርና ለሎደር ቱቦ የሚጨምቁ ቤቶች አሉ፣ ለክተው ይሰሩልሃል፣ በዋጋም ይሻላል።

የድሮ መካኒክ፦

ልጄ፣ ወንድምህ ስለ ጎማው ያለው ልክ ነው፣ የመጨረሻውን ግን እንዳትሰማው። የኤክስካቫተር ቱቦ የተሰራው ለሃይድሮሊክ ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ሌላ ነገር ነው፣ የእነዚያን ቱቦዎች የውስጥ ጎማ ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል። ግፊቱን ሊችል ይችላል፣ ዘይቱን ግን አይችልም። ሲበጠስ ደግሞ የሚበጠሰው ግቢህ ውስጥ ቆሞ ሳለ አይደለም።

አሁን ወደ አንተ ችግር እንምጣ። ጥፋቱ የቱቦው መንፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጠዋት ከቤት ስትወጣም እጀታው ይላላ ነበር። ያንተ ሲሞቅ ይላላል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ይሄ የዘይት በሽታ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 155 ይወርዳል፣ ከቆየ ከዚያም በታች። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው የምትወርደው። ፍሬን ተጭነህ ከወረድክ ካሊፐሩ ውስጥ ያለው ዘይት ይፈላና አረፋ ይሰራል። ዘይት አይጨመቅም፣ አረፋ ይጨመቃል፤ እጀታህ መሪው ጋ የሚደርሰው ለዚያ ነው። ቆመህ ሲቀዘቅዝ አረፋው ተመልሶ ዘይት ይሆናል፣ አንተም ተስተካከለ ብለህ መንገድህን ትቀጥላለህ።

ብዙ ሰው የብረት ክር ቱቦ አስገብቶ ተአምር አየሁ የሚለው ግማሹ በዚህ ነው። ቱቦ ሲቀየር ዘይቱም መቀየሩ አይቀርም፣ ምስጋናውን ግን ቱቦው ይወስደዋል። ቱቦህን አትቀይር ማለቴ አይደለም፣ የተሰነጠቀ ነገር ይዘህ በረሃ አትወርድም። የያማሃ መመሪያ እንኳን ዘይቱን በየ2 ዓመቱ፣ የጎማ ቱቦውን በየ4 ዓመቱ ቀይሩ ነው የሚለው። ግን አዲስ ኦሪጅናል ጎማ ብታገኝም ይበቃሃል፣ ዘይቱ ትኩስ ይሁን እንጂ። ዘይት ስትገዛ ትንሽ ጠርሙስ፣ ያልተከፈተ። ሱቅ ውስጥ ተከፍቶ የቆየውን ልቅዳልህ ቢሉህ እለፈው። ዶት 5 የሚል ብታይም አትንካው፣ ሲሊኮን ስለሆነ ካንተው ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5.1 ግን ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ነው፣ እሱ ችግር የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ እይ። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሳና በእጅህ አዙረው። ፍሬን ይዘህ ስትለቀው ቶሎ የማይፈታ ከሆነ ወይ ፒስተኑ ይዟል፣ ወይ አሮጌው ቱቦ ውስጡ አብጦ ዘይቱን እንዳይመለስ አድርጎታል። እንዲህ ያለ ፍሬን ሜዳ ላይም ይግላል። ስትወርድ ደግሞ በ2 ወይም በ3 ማርሽ ውረድ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዝህ፣ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አድርገው። አንዳንዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ ነፃ አድርጎ ይወርዳል፣ እብደት ነው።

ሙኒክ ያለሁ፦

ጋሼ ጨርሰውታል፣ እኔ ስለ ዕቃው ልጨምር። እዚህ ጀርመን ከኦሪጅናሉ የተለየ የፍሬን ቱቦ ስታስገባ የፈቃድ ወረቀት ይጠየቃል፣ ያ ከሌለ ምርመራ ላይ ትወድቃለህ። አገር ቤት ይሄ ባይጠየቅም የአክስትህ ልጅ ሲገዛ ቱቦው ላይ የአምራቹ ስም ታትሞ እንደሆነ ይይ። ምንም ጽሑፍ የሌለው፣ በቀለሙ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ይቅርብህ።

ርዝመቱን አሮጌውን ፈተህ ለካ፣ ከጫፉ ቀዳዳ መሃል እስከ ሌላው ጫፍ ቀዳዳ መሃል። የጫፎቹ አቅጣጫ ከተለየ ቱቦው ይጠመዘዛል፣ ስለዚህ ፎቶ አንስተህ ላክለት። ዘይት የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን በተመለከተ ተጠንቀቅ። ሁለቱም ውፍረታቸው 10 ሚሊሜትር ሆኖ የጥርሳቸው ርቀት 1.0 እና 1.25 ሚሊሜትር የሆኑ አሉ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ይገባልሃል፣ ከዚያ በቁልፍ ስትገፋው የካሊፐሩን አልሙኒየም ይበላዋል። በጣት ካልገባ አቁም። ካልተሰነጠቀ የራስህን አሮጌ ብሎን ብትጠቀም ይሻላል። የመዳብ ሮንደላዎቹ ግን የግድ አዲስ፣ ከቱቦው ጫፍ ግራና ቀኝ አንድ አንድ።

የብረት ክር የነካውን ሁሉ ይሞርዳል፣ ቀለምም ፕላስቲክም አይቀረውም። ላስቲክ የለበሰውን ግዛ። ካሰርክ በኋላ መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ አዙር፣ ከዚያ የፊት ጎማው መሬት ሳይነካ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ቱቦው እንዳይወጠር እይ። ሰው ሁሉ መሪውን ያዞራል፣ ይሄኛውን ይረሳዋል።

ፍሪሲዮኑን በዘይት የማድረጉን ሐሳብ ግን ተወው። መሸጫው አለ፣ ግን የላይኛው ፖምፓና ሞተሩ ጋ ያለው ገፊ እርስ በርስ ካልተመጣጠኑ ወይ አይለቅልህም ወይ ይንሸራተታል። ለ180 ሲሲ ሞተር አዲስ ሽቦ በቂ ነው። የአሮጌው ሽቦ ጫፍ ላይ ሲባጎ አስረህ ሳብ፣ መንገዱን ያሳይሃል፣ በዚያው አዲሱን ትስባለህ። ከጭስ ማውጫው አርቀው፣ ቅልብስ ብሎ የሚታጠፍበት ቦታ አይኑር። እጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ያህል ልል ይሁን። ያንተ ማርሽ ሲገባ የሚጎትተው ሽቦው ተስቦ ይሄ ልል ስለበዛ ይመስለኛል። ጭራሽ ካሳጣኸው ደግሞ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተትና ሸራውን ያቃጥላል።

ባለ ፐልሰር (አዲስ አበባ)፦

ጋሼ ስለ ኤክስካቫተሩ ቱቦ ልክ ነዎት፣ አንድ ጓደኛዬ አስገብቶ እየነዳ ነው፣ ዛሬውኑ እደውልለታለሁ። በብረት ክሩ ግን አልስማማም። አዲስ ዘይት ከነአሮጌው ቱቦም ሞክሬአለሁ፣ ልዩነቱ ከተማ ውስጥም ይታወቃል።

የማርቆሱ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ፍሪሲዮኑን በሽቦ ጨረስኩ፣ አዲሱ ሽቦ ብቻ ጣቴን አሳረፈልኝ። የሚያስፈራኝ አየር ማስወጣቱ ነው። ጋሼ፣ አዲሱ ቱቦ ባዶውን ነው የሚገባው፣ ከላይ ዘይት ሞልቼ ብጨምቅ ብጨምቅ ምንም ካልመጣስ? የኋላውስ ፍሬን ይነካ?

የድሮ መካኒክ፦

ባዶ ቱቦ ከላይ ሲሞላ ያሰቃያል፣ አየር ወደ ላይ ነው መሄድ የሚፈልገው። ስለዚህ ከታች ጀምር። በሲሪንጁ አዲስ ዘይት ሳብ፣ ካሊፐሩ ላይ ካለው የአየር ማስወጫ ብሎን ጋር በላስቲክ ቱቦው አገናኘው፣ በ8 ቁልፍ ግማሽ ዙር ፈተህ ቀስ ብለህ ግፋ። አረፋው እጀታው ጋ ባለው የዘይት ዕቃ ሲወጣ ታየዋለህ። እንዳይፈስ ከላይ የሚከታተል ሰው ይኑር። ከዚያ በተለመደው መንገድ ጨርስ፤ እጀታውን ያዝ፣ ማስወጫውን ክፈት፣ ዝጋ፣ ከዘጋህ በኋላ ብቻ እጀታውን ልቀቅ። የላይኛው ዕቃ ከታችኛው ምልክት በታች እንዳይወርድ፣ ከወረደ አየር ይስባል፣ ከዜሮ ትጀምራለህ።

አሁንም ለስለስ ካለ አየሩ ያለው እጀታው ጋ ቱቦው የሚታሰርበት ነው። በጨርቅ ሸፍነህ፣ እጀታውን ይዘህ ያንን ብሎን ትንሽ ላላ አድርግና መልሰህ አጥብቅ። ማታ ደግሞ እጀታውን ከመሪው ጋር በላስቲክ አስረህ እደር፣ የቀረው ሽቅብ ይወጣል። ጠዋት ስትፈታው እጀታውን በኃይል ይዘህ ቆይ፣ ሮንደላዎቹ ጋ በነጭ ሶፍት ዳስስ፣ እርጥብ ካለ አትንዳው። ሞተሩን አስነስተህ ከመውጣትህ በፊት ሸራው ዲስኩን እስኪይዝ እጀታውን ደጋግመህ ጭመቅ።

የኋላው ዘይት ከፊተኛው እኩል ያረጀ ነው፣ አብረህ ቀይረው። ቱቦው ስንጥቅ ከሌለው ተወው።