4625 ላይ የምሰማው የሩሲያው ጣቢያ ነው ወይስ የጎረቤት አምፖል?

ሰላም ወገን፣ አራት ኪሎ አካባቢ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ማታ ማታ በሾርት ዌቭ ሬዲዮ ግራ የሚያጋቡ ምልክቶችን መፈለግ ሱስ ሆኖብኛል። አሁን ግን አንዱ ላይ ተቸክያለሁ። 4625 ኪሎ ኸርዝ ላይ ከሶቪየት ዘመን ጀምሮ ያለውን፣ በደቂቃ 25 ጊዜ ገደማ «ዝዝዝ» የሚለውን፣ «ባዘር» የሚሉትን የሩሲያ ጣቢያ ማለቴ ነው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሆነ ነገር ይሰማኛል። ችግሩ፣ ከ4500 እስከ 4800 ድረስ የትም ባዞረው ይጮኻል፤ ስለዚህ አብዛኛው የኤልኢዲ አምፖልና የቻርጀር ረብሻ ሳይሆን አይቀርም። ሬዲዮውን በባትሪ ብቻ ባስነሳውም ለውጥ የለም። መብራት ሲጠፋ ግን ጸጥ ይልና ከሥር ቆረጥ ቆረጥ የሚል ደካማ ድምፅ ብቅ ይላል፣ ጆሮዬን ልጥል ስል የታችኛው ሥጋ ቤት ጄነሬተር ይነሳል! (አልፈርድበትም፣ ሥጋው ይበላሽበታል።)

አንቴናዬ በመስኮት አውጥቼ ልብስ ማስጫው ላይ የጠመጠምኩት ተራ የመብራት ሽቦ ነው። ጣሪያ ላይ መውጣት አከራዬ አይፈቅዱም። ቤት ውስጥ ሉፕ አንቴና (ሽቦው እንደ ቀለበት የሚዞር) ብሠራ ረብሻው ይቀንስልኛል ወይስ ልፋት ብቻ ነው? መሃል ከተማ ሆናችሁ የምትሰሙት ካላችሁ ደግሞ ስንት ሰዓት ላይና በየትኛው ሳይድባንድ (ከሞገዱ በላይኛው ወይስ በታችኛው ጎን) እንደሆነ ንገሩኝ፣ ከተቻለ የቀዳችሁትን ድምፅ ጨምሩበት።