እሽግ እንጆሪ በድሬ ሙቀት፦ በሁለተኛው ቀን ለምን ይሻግታል?

ባለሱቅ ከዚራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ የ250 ግራም እሽግ እንጆሪ ጠዋት ተረክበን ከነካርቶኑ መስታወት በር ባለው የለስላሳ ፍሪጅ እናስገባለን። ማታ ክዳኑ ከውስጥ ውሃ ያቋጥራል፤ በማግስቱ ከሥር ያለው ፍሬ ይላሽቃል፤ ከዚያ ግራጫ ሻጋታ። ፍሪጁ 4 ላይ ነው። አጥቦ ማስገባት ይሻላል ወይስ ክዳኑን ከፍቶ ማናፈስ?

ፍሪጅ ጠጋኝ፦
አቦ፣ ቁልፉ ላይ ያለው 4 እኮ ዲግሪ አይደለም፣ የቴርሞስታቱ (የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያው) ደረጃ ነው። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ነክረህ መሃል መደርደሪያ ላይ አሳድረው፤ ጠዋት የምታነበው ለፍሬው ሙቀት ይቀርባል። አየሩን ከለካህ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይዘልብሃል። እንጆሪ የሚፈልገው ከ0 እስከ 1 ዲግሪ ነው። የለስላሳ ፍሪጅ 2 ወይም 3 ከሰጠህ ተመስገን በል። ቀዝቃዛ አየር ከሚወጣበት አፍ ፊት ግን አትደርድር፤ ፍሬው ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ገደማ ላይ በረዶ ይሠራል፣ ሲቀልጥ ይፈርሳል።

ዋናው ጥፋት ካርቶኑ ነው። ይህ ፍሪጅ የቀዘቀዘ ዕቃ ያቆያል እንጂ የሞቀ ጭነት ቶሎ አያበርድም። 20 ዲግሪ ላይ ያለ እንጆሪ 0 ላይ ካለው እስከ አሥር እጥፍ ይተነፍሳል፤ ራሱም ሙቀት ያመነጫል፣ ካርቶን መሃል ያለው ደግሞ መውጫ የለውም። እሽጎቹን አውጣና ጣት የሚያስገባ ክፍተት እየተውክ ደርድር፤ ከሁለት በላይ አትደራርብ።

ፍራፍሬ አከፋፋይ፦
ማጠቡን እርሳው። የግራጫው ሻጋታ ዘር ከማሳው ጀምሮ ፍሬው ላይ አለ፤ የሚጠብቀው እርጥበት ብቻ ነው። ቅዝቃዜም ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። ክዳን መክፈትም ፍሬውን ያጠወልጋል፣ የእሽጉ ቀዳዳዎች ይበቁታል።

ክዳኑ ላይ ያየኸው ላብ የሚመጣው ሙቀቱ ሲለዋወጥ ነው። አንዴ የቀዘቀዘውን ለመደርደር ብለህ ውጭ አታቆየው፣ የድሬ አየር ወዲያው ውሃ ያቋጥርበታል። ስትረከብ እያንዳንዱን እሽግ ገልብጠህ ሥሩን እይ፤ ጭማቂ ያፈሰሰውን መልስ። አንድ የሻገተ ፍሬ የነካቸውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ጫፉ ነጭ የሆነውንም «ይበስላል» ብለህ አትቀበል፣ ማንጎ ከተለቀመ በኋላ ይጣፍጣል፣ እንጆሪ ግን አይጣፍጥም።

ባለሱቅ ከዚራ፦
መብራት ሲጠፋስ? ያልተሸጠውስ?

ፍሪጅ ጠጋኝ፦
የታችኛውን መደርደሪያ በውሃ ጠርሙስ ሙላው፣ ቅዝቃዜ ይይዝልሃል። መብራት እስኪመጣ በሩን አትንካ። ከጀርባ ያለውን ኮንደንሰር (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ክፍል) በየወሩ በብሩሽ ጥረገው፤ እዚህ አቧራው ከደፈነው ቴርሞስታቱን የፈለግከው ቁጥር ላይ ብታደርገው ሙቀቱ አይወርድም። የበሩን ጎማ ደግሞ በወረቀት ፈትሽ፦ ዘግተህበት ስትስበው በቀላሉ ከወጣ አየር ያስገባል።

ፍራፍሬ አከፋፋይ፦
የተጨፈለቀውን ግን ያልሻገተውን በዕለቱ ለጁስ ቤት ስጥ፤ ወይም ቅጠሉን አንስተህ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አቀዝቅዘው። የሻገተውን ቆርጦ ቀሪውን ለጁስ ማዋል የለም፤ ፍሬው ለስላሳ ስለሆነ ሻጋታው ከምታየው አልፎ ውስጥ ይገባል።