ወታደራዊ ስልጠና ልገባ ሁለት ወር ተኩል ቀርቶኛል፣ 96 ኪሎ ነኝ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጀማሪው

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 23፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ74፣ ክብደቴ 96 ኪሎ ነው። ለመሠረታዊ ወታደራዊ ስልጠና ተመዝግቤ አልፌያለሁ፤ ለመግባት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ቀርቶኛል። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ስለሆነ ቦርጭ አውጥቻለሁ፤ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ፑሽ አፕ አራት በግድ እሠራለሁ፣ ከዚያ ወገቤ ይሰምጣል። ያሰብኩት በቀን አንዴ ብቻ እየበላሁ በየቀኑ ጠዋት መሮጥ ነው፤ እስክገባ 20 ኪሎ ብቀንስ ደስ ይለኛል። ሩጫውን ሰሞኑን ጀምሬው ነበር፣ አሁን ግን ሁለቱም እግሮቼ ከጉልበቴ በታች ቅልጥሜ አካባቢ ያመኛል። ልቀጥል ወይስ ልተወው? ያለፈበት ሰው ቢመክረኝ።

መልስ፦ የቀድሞ አሰልጣኝ

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ። በቅድሚያ 20 ኪሎውን እርሳው። ሰውነትን ሳይጎዳ የሚሄደው ፍጥነት በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ነው። ባለህ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ከቀነስክ ትልቅ ነገር ሠርተሃል፣ የቀረውን ስልጠናው ራሱ ያወርድልሃል። ወፍሮ ገብቶ በደንብ የተመረቀ ብዙ ምልምል አይቻለሁ። እግሩን ታሞ የገባው ግን ገና ሰልፍ ሳይለምድ ክሊኒክ ደጃፍ ወረፋ ይይዛል። ስለዚህ አሁን ዋናው ሥራህ እግርህን ማዘጋጀት ነው።

ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ትንፋሹ ሲስተካከልለት «አሁንማ ቻልኩ» ብሎ ርቀቱን ድንገት ይጨምራል፣ አጥንቱ ደግሞ ገና አልደረሰም።

ሩጫ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃሃል፣ ቢያንስ አንድ አንድ ቀን እያረፍክ። 5 ደቂቃ ፈጠን ብለህ ተራመድ፤ ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ይህንኑ ስምንት ጊዜ ያህል። ሲቀልህ ሶምሶማውን እያስረዘምክ እርምጃውን አሳጥር። ፍጥነቱን ለመለካት ሰዓት አያስፈልግህም፦ እየሮጥክ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግረህ መጨረስ ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው። የሳምንቱን ጠቅላላ ርቀት ካለፈው ሳምንት ከ10 በመቶ በላይ አትጨምር። ሕግ አይደለም፣ ግን ጥሩ ልጓም ነው።

ፑሽ አፑን መሬት ላይ እየታገልክ አትሥራ። ግድግዳ የተደገፈ፣ የማይንሸራተት ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እጅህን አድርግ፤ ከጭንቅላትህ እስከ ተረከዝህ ቀጥ በል፣ መቀመጫህን ጨብጥ፣ ክርንህን ወደ ጎን ሳትበትን ደረትህ ጠርዙን እስኪነካ ውረድ። ከምትችለው ግማሹን ብቻ ሠርተህ ተው፣ ከሰዓታት በኋላ ድገም። ሲቀልህ ከጠረጴዛው ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መሬት ውረድ። ወገብህ ሰምጦ የሠራኸውን ማንም ፈታኝ አይቆጥርልህም።

መልስ፦ ፈጣኑ

ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ላስቲክ ለብሰህ ሩጥ፣ ውሃ ቀንስ፣ ሳውና ግባ። እኔ በአንድ ሳምንት 4 ኪሎ አውርጃለሁ።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስቷ

ፈጣኑ፣ ያወረድከው ውሃ ነው፤ ስትጠጣ ይመለሳል። ስብ እንዲህ በሳምንት አይቀልጥም፦ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ላስቲክ ለብሶ መሮጥ ደግሞ ላቡ እንዳይተን አፍኖ የሰውነትን ሙቀት ያንራል፤ ሰው ራሱን ስቶ የሚወድቀው፣ አንዳንዴም የሚሞተው እንዲህ ነው። ጀማሪው፣ ይህን ምክር ዝለለው።

ወደ እግርህ ልምጣ። ቁጭ በልና በአውራ ጣትህ የቅልጥምህን የውስጠኛውን ጠርዝ ከታች ወደ ላይ እየተጫንክ ሂድ። ሕመሙ በርከት ያለ ሴንቲ ሜትር ላይ የተዘረጋ፣ ስትጀምር ብሶ ሲሞቅህ ቀለል የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ድንገተኛ ጫና ያመጣው መቆጣት ነው። ሕመሙ በአንድ ጣት የሚሸፈን አንድ ነጥብ ላይ ከሆነ፣ በአንድ እግርህ ስትዘል ከወጋህ፣ ወይም ተኝተህም ከጠዘጠዘህ ግን አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሩጫ ወዲያው ይቁም፣ ሐኪም ይየው። መጀመሪያ ሰሞን የሚነሳ ራጅ ስንጥቁን ላያሳይ ስለሚችል «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብለህ ሕመሙ ከቀጠለ ተመልሰህ ሂድ፤ ኤምአርአይ ይሻላል።

እስከዚያ ድረስ ሩጫውን ተው እንጂ ስፖርቱን አትተው። ብስክሌት፣ ዋና፣ ካላመመህ እርምጃም ትንፋሽህን ያቆዩልሃል። ግድግዳ ይዘህ በእግር ጣቶችህ ላይ ቀስ ብለህ መነሳትና መውረድ ለባትህ ጥሩ ነው። መራመድ ምንም ሳያሳምምህ ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ጋሼ ባሉት መንገድ ጀምር። አንድ ነገር ደግሞ፦ ስትሮጥ ደረትህን የሚጨንቅህ ወይም ራስህን የሚያስትህ ከሆነ፣ ወይም ከቤተሰብህ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ከሁሉ በፊት ልብህን ተመርመር።

ጀማሪው

በጣም አመሰግናለሁ። ተጭኜ አየሁት፣ የተዘረጋ ነው፣ ማታም አያመኝም። ሩጫውን ለጊዜው አቁሜ ብስክሌት ልጀምር። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል፦ በቀን አንዴ መብላቱስ? ጋሼ፣ ከባድ ቦርሳ አዝዬ መለማመድስ ከአሁኑ ልጀምር?

መልስ፦ ባለፈው ዙር የጨረስኩ

የምግቡን እኔ ልመልስልህ ወንድሜ። በቀን አንዴ መብላቱ እዚያ ስትገባ አያዋጣህም። እዚያ ሦስት ጊዜ በተወሰነ ሰዓት ነው የምትበላው፣ ያውም ተቻኩለህ። ከአሁኑ ሰውነትህን በዚያ ሰዓት አስለምደው። በቀን ከምታቃጥለው 500 ካሎሪ ያህል ቀንስ፣ በሳምንት ወደ ግማሽ ኪሎ ይወስድልሃል። የመጀመሪያው ቅነሳ የሚጠጣ ስኳር ይሁን፦ ለስላሳ፣ ጣፋጭ ጁስ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ። አልኮልም እንዲሁ። በየገበታህ ፕሮቲን አይጥፋ፤ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ ምስር ወይም ባቄላ፣ የተገኘው። ክብደት ስትቀንስ ጡንቻህ አብሮ እንዳይሄድ የሚይዘው እሱና የጥንካሬ ልምምዱ ናቸው። ሚዛን ላይ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰህ፣ ሳትበላ ውጣ፤ ከቀን ቀን አንድ ሁለት ኪሎ ቢዋዥቅ ውሃ ነውና አትደንግጥ፣ የሳምንቱን አማካይ እይ።

ይህን የምታነቡ እህቶች ደግሞ፣ ከመግባታችሁ በፊት የደም ማነስ ተመርመሩ። ብረት ሲያንስ ጉልበት ይከዳል፣ ሰው ግን ስንፍና ነው ይላል። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲም ቀላል ነገር አይደሉም፦ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሴት ምልምሎች ላይ ሁለቱን የወሰዱት የአጥንት ስንጥቃቸው 20 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። መጠኑን ሐኪም ይንገራችሁ።

ሌላው ማንም የማይነግርህ እግር ነው። ከስክስ ጫማውን አስቀድመህ ማግኘት ከቻልክ ቤት ውስጥ፣ ቀጥሎም አጭር እርምጃ ላይ ልበሰው፣ ቆዳው ይለዝብ። የእግር ጥፍርህን ቀጥ አድርገህ ቁረጥ። ካልሲህ ሲረጥብ ቀይር። ተረከዝህ ላይ ትኩስ ነገር ሲሰማህ ያን ጊዜውኑ ቆመህ ፕላስተር ለጥፍበት፤ «ትንሽ ልታገስ» ካልክ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ በኋላ መፍትሔው ረጅም ነው። ሲጋራ ካለ ዛሬ ይቁም። ማለዳ መነሳትም ከአሁኑ ይለመድ፤ ስልክህን ከአልጋህ አርቀህ ቻርጅ አድርገው።

መልስ፦ የቀድሞ አሰልጣኝ

ከእኔ በፊት የተሰጠህ ምክር ትክክል ነው። ቦርሳው ላይ አትቸኩል። እግርህ ድኖ ያለ ሕመም ግማሽ ሰዓት ሶምሶማ እስክትሮጥ ቆይ። ከዚያ በሳምንት አንዴ ብቻ፣ ከሰውነትህ ክብደት አንድ አሥረኛ በማይበልጥ ጀምር፤ ለአንተ 8 ወይም 9 ኪሎ። ከባዱን ዕቃ ወደ ጀርባህ አስጠግተህ በትከሻህ መካከል ከፍ አድርገህ እሰር፤ ታች ከተንጠለጠለ ወገብህን ይጎትታል። በሸክም አትሩጥ፣ ተራመድ። ርቀቱንና ክብደቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም አትጨምር።

ስልጠናው ሙቀት ባለበት ቦታ ከሆነ ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስድበታል፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የተወሰነውን ልምምድ ቀስ በቀስ ፀሐይ ባለበት ሰዓት አድርገው። ውሃ ስትጠማ ጠጣ፣ ግን «በዛ ሲል ይሻላል» ብለህ ሊትር በሊትር አትጋት። ከመጠን ያለፈ ውሃ በደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ የገደላቸው ምልምሎች አሉ። ከከባድ ልምምድ በኋላ ጡንቻህ አብጦ ሽንትህ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ደግሞ ጡንቻ እየፈረሰ ኩላሊትህን እየጎዳ ነውና ያኑ ቀን ሐኪም ቤት።

ጀማሪው

ገባኝ ጋሼ። የመጨረሻዋን ሳምንትስ ልግፋበት ወይስ ልረፍ?

መልስ፦ የቀድሞ አሰልጣኝ

ልምምዱን በግማሽ ቀንሰው። አጭር ሶምሶማ፣ ጥቂት ፑሽ አፕ፣ በቂ እንቅልፍ። አዲስ ጫማም፣ አዲስ ምግብም፣ አዲስ ልምምድም በዚያ ሳምንት አትሞክር። እግሩ የማይሻልህ ከሆነ ደግሞ ከመግቢያው ቀን በፊት ለመዘገበህ ክፍል ተናገር፤ ወደሚቀጥለው ዙር መዛወር ይቻል እንደሆነ ጠይቅ።