ኳንተም ሜካኒክስን በነፃ ከየት ልጀምር?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ኳንተም ሜካኒክስ (እንደ አቶምና ኤሌክትሮን ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ፊዚክስ) መማር በጣም እፈልጋለሁ፤ መጽሐፍ ለመግዛት ግን አቅሙ የለኝም። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፤ ዳታም ቶሎ ያልቅብኛል። ያየኋቸው ቪዲዮዎች ወይ ወሬ ብቻ ናቸው፣ ወይ ገና ሲጀምሩ የማላውቀው ሒሳብ ውስጥ ይገባሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የአራት ኪሎው፦ እህቴ፣ ኤምአይቲ ኦፕን ኮርስዌር (የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቶቹን በነፃ የሚያቀርብበት ድረ ገጽ) ላይ 8.04 የሚለውን የኳንተም ኮርስ ፈልጊ። አለን አዳምስ በ2013 እ.ኤ.አ. ያስተማረው ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ የለበትም ማለት ይቻላል። ኤሌክትሮን ሁለት ጠባይ አለው እንበል ይላል፤ “ቀለም” (ነጭ ወይ ጥቁር) እና “ጥንካሬ” (ጠንካራ ወይ ለስላሳ)። ነጮቹን ብቻ ለይተሽ ጥንካሬያቸውን ትለኪያለሽ። ከዚያ ጠንካሮቹን ወስደሽ ቀለማቸውን እንደገና ስትለኪ ግማሾቹ ጥቁር ሆነው ይወጣሉ! ጥቁሮቹን እኮ አስቀድመሽ አስወጥተሻል። እዚህ ጋ ቪዲዮውን አቁሚና አስቢበት። ለኔ የኳንተም እንግዳነት የገባኝ ያኔ ነው።

መምህሩ፦ ልጄ፣ ጥሩ ምክር ነው፤ ግን ሒሳቡ ብዙም ሳይቆይ ይመጣል። 12ኛ ክፍል ላይ ካልኩለስ ጀምረሻል፤ የሚቀርሽ ኮምፕሌክስ ቁጥርና ሊኒየር አልጀብራ ነው። ሁለቱም ካን አካዳሚ የሚባለው የትምህርት ድረ ገጽ ላይ በነፃ አሉ። ቬክተር፣ ማትሪክስና አይገን ቫልዩ እስኪገቡሽ አትቸኩዪ። ተማሪዎቼ ሲሰናከሉ የማየው ፊዚክሱ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ዳታ ቆጣቢ፦ ላንቺ ከቪዲዮ ፒዲኤፍ ይሻላል። ነፃ የመማሪያ መጻሕፍት ከሚያወጣው ኦፕንስታክስ “ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ” ቅጽ 3ን አንዴ አውርጂ፤ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ታነቢያለሽ። ምዕራፍ 6 ስለ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) እና ስለ ቁስ ሞገድ ነው፤ 7ኛው ራሱ ኳንተም ሜካኒክስ ነው። የጎዶሎ ቁጥር ጥያቄዎች መልስ መጨረሻው ላይ አለ። የፊዚክስ ሊቁ የፋይንማን ሌክቸርስ የተባለው መጽሐፍም በካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ በነፃ ይነበባል፤ ኳንተሙ ቅጽ 3 ነው። እሱ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ለጀማሪም ይከብዳል። ለኋላ አቆዪው።

ጀማሪዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ፒዲኤፉን ዛሬ ማታ አወርዳለሁ። የ8.04ን ቪዲዮ ግን እንዴት ላድርግ?

የአራት ኪሎው፦ ከኮርሱ ገጽ ላይ ማውረድ ይቻላል። ዋይፋይ ስታገኚ የመጀመሪያውን ብቻ አውርጂ። የኤሌክትሮኑ ነገር ካልገባሽ እዚሁ ጠይቂኝ።