ሰራተኞቼ ሲያጠፉ «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ያለብኝ እኔ ነኝ? ወታደር ቤት የነበራችሁ እርዱኝ

የሳይት ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሳይት ኢንጂነር ነኝ፣ ከተመረቅኩ አራተኛ አመቴ ነው። አሁን ባለሁበት ህንፃ ፎርማኑን ጨምሮ ወደ 30 የሚጠጋ ሰው ከስሬ አለ። አንድ ቅዳሜ የሶስተኛውን ፎቅ ኮለኖች (ምሰሶዎች) በአርማታ እየሞላን ነበር፣ ሙሌቱ ዘግይቶ ስለተጀመረ እየመሸ ነው፣ እኔ ደግሞ የክፍያ ሰነድ አድርስ ተብዬ ቢሮ ገብቼ ቁጥር እደምራለሁ። ሰኞ ጠዋት ቦርዱ ሲፈታ ሁለቱ ኮለኖች ከስራቸው ወንፊት መስለዋል። ጠጠሩ ብቻውን ቆሟል፣ ፌሮው በአይን ይታያል፣ ጣቴን ስሰደው ገባ። ለካ ቫይብሬተሩ (አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቀው ማሽን) መሀል ላይ ተበላሽቶ የቀረውን በፌሮ ቁራጭ እየወጉ ነው የጨረሱት። ኮንሰልታንቱ መጣና አይቶ ይፍረሱ አለ።

ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ፕሮጀክት ማናጀሩ «ማነው ያጠፋው?» ሲል አፌ ቀደመኝና «ፎርማኑ ናቸው፣ ቫይብሬተሩ ሲበላሽ ማቆም ነበረባቸው» አልኩ። ሰውየው ከ50 አልፈዋል፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ አርማታ ሲሞሉ የኖሩ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ቃል አልመለሱም። ሄልሜታቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ማሰሪያውን እያጠፉ እየዘረጉ ስብሰባው እስኪያልቅ ቁጭ አሉ። የአስር ቀን ደሞዝ ተቀጡ።

ከዛ ወዲህ ሳይቱ ላይ የጠየቅኩትን ይመልሱልኛል፣ ሌላ ምንም የለም። በፊት ትንሽ ነገር ስትፈጠር ሮጠው የሚነግሩኝ ልጆች አሁን እኔው በአይኔ ካላየሁት ማንም ትንፍሽ አይልም። አጎቴ ወታደር ነበር፣ ሳወራው «አዛዥ ጦሩ ለሰራውም ላልሰራውም ይጠየቃል፣ አንተ ግን ወታደርህን ሰጥተህ መጣህ» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። እውነት ይሄ ነገር ከጦር ሜዳ ውጪ ይሰራል? ቫይብሬተሩን የያዝኩት እኔ አይደለሁም፣ እዛም አልነበርኩም። ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ብል ውሸት አይሆንም ወይ?

ሳጅን ነበርኩ (ቨርጂኒያ)፦

ወንድሜ፣ አሜሪካ አርሚ ውስጥ ስምንት አመት አገልግያለሁ፣ የወጣሁት ስታፍ ሳጅንት ሆኜ ነው። አጎትህ ያሉትን እኛም ገና ከመጀመሪያው ነው የምንማረው። ስልጣንህን ለበታችህ ማውረድ ትችላለህ፣ ኃላፊነቱ ግን አንተው ጋ ይቀራል። ለፎርማኑ ሙሌቱን ምራ ብለህ ስትሄድ ስልጣን ሰጠሃቸው፣ ኮለኑ ግን ያንተ ነው።

ውሸት ይሆናል ወይ ላልከው የራሴን ልንገርህ። ቴክሳስ የማታ ልምምድ ላይ ሆነን ከስኳዴ (ከምመራት ትንሽ ቡድን) አንዱ ልጅ ናይት ቪዥኑን ጣለ። በጨለማ የምታይበት መነፅር ነው፣ ውድ ነው፣ ከሁሉ በላይ ግን ጠፋ ተብሎ የሚተው እቃ አይደለም፣ ሳይገኝ ማንም ወደ ካምፕ አይመለስም። ከ100 በላይ ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰአት ጀምሮ ሳሩን በእጃችን እየዳበስን በጉልበታችን ሄድን። ጎህ ሲቀድ ተገኘ። መነፅሩ በገመድ ከሄልሜት ጋር መታሰር አለበት፣ ልጁ አላሰረውም። የበላዬ የሆነው የፕላቱን ሳጅንቱ መጥቶ የማን ሰው ነው ሲል «የኔ ነው፣ ከመውጣታችን በፊት የእያንዳንዱን ገመድ በእጄ መሳብ ነበረብኝ፣ አልሳብኩም» አልኩት። ይሄ ውሸት ነው? አይደለም፣ እውነትም አልሳብኩም። እኔ ጣልኩት አላልኩም። የተናገርኩት የራሴን ጉድለት ነው፣ ጉድለቱም በእውነት ነበር፣ ፈልጌ አላመጣሁትም።

በፋይሌ ተጻፈብኝ። ልጁን ግን ዝም አላልኩትም፣ ለብቻው አስቀምጬ አነጋገርኩትና ለአንድ ወር የሁላችንንም ገመድ የሚፈትሸው እሱ ሆነ። ወደ ላይ ስትናገር የራስህን ትናገራለህ፣ ወደ ታች ደግሞ የእያንዳንዱን ስራ ትጠይቃለህ። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ይይዝና ወይ ለስላሳ ይሆናል ወይ ጨካኝ ይሆናል።

ምን ይዋጣል፦

ሳጅን ላገልግሎትህ ክብር አለኝ ግን ይሄ ደሞዝ በሰአቱ ለሚገባበት አገር ነው። እዚህ ስብሰባ ላይ የኔ ነው ያልክ ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፣ ከደሞዝህ ይቆረጣል፣ በሚቀጥለው ፕሮጀክት «ኮለን ያፈረሰው ልጅ» ተብለህ ነው የምትነሳው። እኔ ራሴ የመጋዘን ኃላፊ ሆኜ አንዴ እቃ ሲጎድል ቁልፉን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ ብዬ ስምንት ወር ከፍያለሁ፣ እቃውን የወሰደው ሰው አሁንም እዛው ይሰራል። አጎትህ ወታደር ናቸው፣ ቀለባቸው ከመንግስት ነው። አንተ ቤት ኪራይ አለብህ። ደግሞ ያልነበረበት ሰው በምን ሂሳብ ነው የሚጠየቀው?

ሳጅን ነበርኩ (ቨርጂኒያ)፦

@ምን ይዋጣል የደረሰብህ ያሳዝናል፣ በደል ነው። ያልነበረበት ሰው ላልከው ግን የሰው ህይወት የጠፋበትን ልጥቀስልህ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 2017 ፊትዝጄራልድ የሚባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ጃፓን አጠገብ ከሌሊቱ ሰባት ሰአት ተኩል ገደማ ከአንድ የጭነት መርከብ ጋር ተጋጨ። 7 ባህርተኞች የተኙበት ክፍል ውሃ ገብቶበት ሞቱ። ካፒቴኑ ክፍሉ ተኝቶ ነበር፣ መርከቡን ይመሩ የነበሩት ተረኛ መኮንኖች ናቸው፣ ግጭቱ የእሱን ክፍል ራሱን ቀዶት ሰውየው ተጎድቷል። ቢሆንም ከአዛዥነት ተነሳ፣ ምክትሉም ተነሳ። ለምን ብትል ተረኞቹን ያሰለጠነው፣ ብቁ ናቸው ብሎ የፈረመው፣ በምን ጊዜ ቀስቅሱኝ ብሎ ትእዛዝ የሚሰጠው እሱ ነው።

ነገሩ ግን እሱ ላይ አላበቃም። ሁለት ወር ሳይሞላው... ይቅርታ፣ ሁለት ወር እንዳለፈው ነሐሴ ላይ ማኬይን የሚባለው ሌላኛው መርከብ ሲንጋፖር አጠገብ ተጋጭቶ 10 ሰው ሞተ፣ በሁለተኛው ቀን የጠቅላላው የሰባተኛው መርከብ ጦር አዛዥ፣ ባለ ሶስት ኮከቡ አድሚራል ተነሱ። በኋላ የወጣው ምርመራ ስልጠናው እንደተጓደለ፣ ሰራተኛው እንቅልፍ አጥቶ እንደሚሰራ ነው የሚያወራው። ይሄን የሚያስተካክል ደግሞ መሪ የያዘው የ20 አመት ልጅ አይደለም። ያንተም ፕሮጀክት ማናጀር ማነው ያጠፋው ከማለቱ በፊት ሙሌት ባለበት ሰአት ኢንጂነሩን ለምን ቢሮ አስቀመጥኩት ብሎ ራሱን መጠየቅ ነበረበት።

የቀድሞ ጦር፦

ልጆቼ፣ ጽሁፍ ላይ ፈጣን አይደለሁም ታገሱኝ። እኔ በደርግ ጊዜ ሰሜን ነበርኩ፣ ናደው እዝ (ኤርትራ ውስጥ ሻዕቢያን ይወጋ የነበረው ጦር) ውስጥ ባልሆንም ወሬው በየምሽጉ ደርሶናል። በየካቲት 1980 ዓ.ም. የናደው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በግንባሩ ለደረሰው ሽንፈት ተጠያቂ ናቸው ተብለው በመንግስቱ ኃይለማርያም ትእዛዝ ተረሸኑ። በወሩ ገደማ መጋቢት ላይ አፋቤት በሶስት ቀን ውጊያ ወደቀች፣ ያ ሁሉ ታንክና መድፍ ሄደ።

እዚህ የምነግራችሁ እኔ የነበርኩበትን ነው። ጄኔራሉ ከተረሸኑ በኋላ የኛ ሻምበል ሪፖርት የሚጽፈው እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ጥይት አልቆ በቂ ነው ተብሎ ይጻፋል፣ ሰው ጎድሎ ሙሉ ነው ይባላል፣ ጎደለ ያለ መኮንን ለምን አጎደልክ ይባላላ። ከላይ ያለው ሰው ጥፋትን ሁልጊዜ ወደ ታች ከወረወረ ከታች ያለው እውነቱን ወደ ላይ አያወጣም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

አንተ የሳይቱ ልጅ፣ ልጆቹ ትንፍሽ አይሉም ያልከው አስደንግጦኛል። የደሞዙ ነገር ይደረስበታል። ነገ ፌሮ ሲጎድል፣ ድጋፉ ሲላላ የማይነግሩህ ከሆነ ግን ፎቁ ላይ ሰው አለ።

ትእግስት ያስተምራል፦

ጋሼ የጻፉት ልቤን ነካኝ፣ እድሜ ይስጥልን። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህርት ነኝ፣ አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ አነጋገር ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካና የአጋሮቿ ጦር አዛዥ የነበረው አይዘንሃወር፣ ጀርመኖች የያዟትን የፈረንሳይ ጠረፍ ኖርማንዲን ከማጥቃቱ አንድ ቀን በፊት፣ እ.ኤ.አ. 1944 ሰኔ ላይ፣ ጥቃቱ ቢከሽፍ የሚያወጣውን አጭር መግለጫ በእጁ ጽፎ ኪሱ ከቶ ነበር። ቀኑን እንኳ ተሳስቶ ጁላይ 5 ብሎታል፣ ምን ያህል ጭንቀት ላይ እንደነበረ አስቡት። በመጀመሪያ «ወታደሮቹ እንዲወጡ ተደርጓል» የሚል አይነት ነገር ጻፈ፣ ከዛ ሰረዘውና «ወታደሮቹን አስወጥቻለሁ» አለ። ወታደሩም አየር ኃይሉም ባህር ኃይሉም የሚቻለውን ሁሉ አድርገዋል፣ ወቀሳ ካለ የኔ ብቻ ነው ብሎ ዘጋው። በነጋታው ከ150,000 በላይ ሰው ወርዶ ተሳካና ወረቀቱ ሳይወጣ ቀረ።

ያቺን የተሰረዘች አረፍተ ነገር ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ እጽፍላቸዋለሁ። የኛ ሪፖርት ሁሉ «ተደርጓል»፣ «አልተከናወነም»፣ «ክፍተት ታይቷል» ነው፣ አድራጊ የለውም። ክፍተቱን ማን ከፈተው? ወንድሜ አንተም ስብሰባ ላይ ስትገባ «የክትትል ክፍተት ነበር» እንዳትል። «ሙሌቱ ሳያልቅ ጥዬ ሄጃለሁ፣ መጠባበቂያ ቫይብሬተር መኖሩን ሳላረጋግጥ አስጀምሬያለሁ» በል። ሁለቱን አወዳድራቸው፣ ሁለተኛውን ለመናገር ጉሮሮ ይይዛል።

ምን ይዋጣል፦

እሺ የጋሼ ነገር አሳምኖኛል፣ ከሁሉም በላይ እሱ ነው። ግን ልጁ ባዶ እጁን እንዳይገባ። የሚለውን በጽሁፍ ያድርገው፣ ከጥፋቱ ጋር የሚፈልገውንም አብሮ ይጻፍ፣ ሁለተኛ ቫይብሬተር፣ ሙሌት ባለበት ቀን ቢሮ አልገባም የሚል። ቀኑን ይጻፍና ኮፒውን ይያዝ። እኔ ያኔ በቃል ብቻ ነበር የተናገርኩት፣ ስምንት ወር ያስከፈለኝ እሱ ነው።

ሳጅን ነበርኩ (ቨርጂኒያ)፦

ትክክል። ደግሞ ከሰራተኞቹ ጋር ቁጭ በል። አርሚ ውስጥ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ አፍተር አክሽን ሪቪው የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተለመደ ነው። አቧራው ሳይረግፍብን መሬት ላይ ክብ ሰርተን እንቀመጣለን፣ ምን ሊሆን ታቅዶ ነበር፣ ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ ቀጥሎ ምን እናድርግ። ተራ ወታደር ካፒቴኑን «ትእዛዙ አልገባኝም ነበር» ማለት ይችላል፣ አይቀጣበትም። መሪው ቀድሞ የራሱን ካልተናገረ ግን ሁሉም መሬት መሬት ያያል። አንተ ጀምር፣ ከዛ አፍህን ዝጋና ስማ። ዝምታው ይረዝምብሃል፣ አትሙላው።

የሳይት ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼ የቀድሞ ጦርን። ሶስት ቀን ዝም ያልኩት ሳላደርገው መመለስ ስላልፈለግኩ ነው።

መጀመሪያ ፎርማኑ ጋ ሄድኩ፣ ጠዋት ሻይ ቤቷ ውስጥ። «ጋሼ፣ ስብሰባ ላይ የሰጠሁዎት እኔ ነኝ፣ ጥዬ የሄድኩትም እኔ ነኝ» አልኳቸው፣ ሌላ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ሻያቸውን እስኪጨርሱ ዝም አሉ። ከዛ «ቅዳሜ ሁለቴ ደውዬልህ ነበር» አሉኝ። ስልኬን ከፍቼ አየሁ፣ እውነት ነው፣ ከምሽቱ 12 ሰአት ከ10 እና 12 ሰአት ከ25፣ ሳይለንት ላይ ነበር። ስብሰባ ላይ ይሄን ቢናገሩ የምወድቀው እኔ ነበርኩ፣ አልተናገሩም።

ለማናጀሩ በጽሁፍ አስገባሁ፣ ሁለቱን የስልክ ጥሪ ጨምሬ፣ ቅጣቱም ከሳቸው ወደኔ ይዙር ብዬ። ተቆጣ፣ ደብዳቤ ይሰጥሃል አለኝ። የሳቸውን ቅጣት አምስቱን ቀን አነሱላቸው፣ አምስቱ ወደኔ ዞረ። ሙሉውን እንዲያነሱ አሁንም እየጠየቅኩ ነው።

ትናንት ከስራ በኋላ ቦርድ ክምር ላይ ተቀምጠን ሳጅን እንዳልከኝ እኔ ጀመርኩ። ዝምታው እውነትም ረዘመ። በመጨረሻ የቫይብሬተሩ ልጅ፣ 19 አመቱ ነው፣ «ኬብሉ ከሐሙስ ጀምሮ ይቆራረጥ ነበር፣ ብናገር ሰበርከው ትሉኛላችሁ ብዬ ነው» አለ። ፎርማኑ ዞር ብለው አዩት፣ ከዛ እኔን አዩኝ፣ ማናችንም አልተቆጣንም።

ሐሙስ ቀን ኮለኖቹን መልሰን እንሞላለን። ሁለተኛው ቫይብሬተር ኪራይ ተፈቅዷል፣ ረቡዕ ማታ ልጁ ሁለቱንም አስነስቶ ያሳየኛል፣ ስልኬ ድምፅ ላይ ነው።