ሥነ ልሳን ተማሪዎቼን ሽምደዳ ሳይሆን ትንተና እንዴት ልፈትን?

የሆጤዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ፎኖሎጂ (የቋንቋ ድምፆች ሥርዓት ጥናት) እና ሥነ ምዕላድ (ቃል የሚገነባባቸው ትርጉም ያላቸው ትንንሽ ክፍሎች፣ የምዕላዶች ጥናት) አስተምራለሁ፤ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ አንድ ክፍል ውስጥ 58 ተማሪዎች ይዣለሁ።

ሚድ ላይ «ምዕላድ ምንድን ነው? በምሳሌ አስረዱ» ብዬ ጠየቅኩ። ብዙዎቹ ከሃንድአውቱ ቃል በቃል፣ ምሳሌው ሳይቀር፣ ገለበጡልኝ። ልክ ነውና ሙሉ ነጥብ ሰጠሁ። በሳምንቱ ሰሌዳ ላይ «አስተማሪዎቻችን» ብዬ ጽፌ በምዕላድ ክፈሉት ስል፣ ሙሉ ያገኘችው ልጅ ወጥታ «አስተማሪ» እና «ዎቻችን» ብላ ሁለት ቦታ ቆረጠችው። «ዎች» ብዙ ቁጥር፣ «ኣችን» ባለቤትነት መሆኑን አላየችውም። ትርጉሙን ግን በቃሏ ትወጣዋለች። ያን ቀን በጣም ከፋኝ፤ ጥፋቱ የጥያቄዬ ነው።

ፋይናል ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ምን ዓይነት ጥያቄ ላውጣ? 58 ወረቀትስ እንዴት አርሜ እጨርሳለሁ? ደግሞ ልጆቹ «መውጫ ፈተናው ምርጫ ስለሆነ በምርጫ ፈትኝን» ይሉኛል።

ቦርከና
እህቴ አብሽሪ፣ ሁላችንም አልፈንበታል። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፤ ትርጉም መጠየቅ ካቆምኩ ቆየሁ። ዳታ እሰጣቸዋለሁ፣ ሕጉን ራሳቸው ያውጡት። ይቺን ውሰጃት፦

ወሰደ ~ ወሳጅ፣ ከፈተ ~ ከፋች፣ መረጠ ~ መራጭ፣ ጨረሰ ~ ጨራሽ፣ ያዘ ~ ያዥ፣ ለመነ ~ ለማኝ፣ ከፈለ ~ ከፋይ
ሰበረ ~ ሰባሪ፣ ለቀመ ~ ለቃሚ፣ ፈለገ ~ ፈላጊ፣ ጠበቀ ~ ጠባቂ፣ አቀፈ ~ አቃፊ

ጥያቄው «የመጨረሻው ተነባቢ መቼ ይለወጣል? መቼ አይለወጥም?» ነው። ሰነፉ «ደ ወደ ጀ፣ ተ ወደ ቸ» እያለ ይዘረዝራል። ጎበዙ የሚለወጡት ምላስ ድድ ላይ ሲያርፍ የሚፈጠሩት እንደሆኑ፣ ወደ ላንቃ የሚስባቸውም «ኢ» እንደሆነች ይጽፋል። ከዚያም የበለጠው «ረም እኮ ድድ ላይ ናት፣ ለምን ሰባሪ ሆነ?» ብሎ ይቆማል። ሦስቱ ደረጃ ቁልጭ ብሎ ይታይሻል።

መጨረሻ ላይ «ይህ ሕግ ሌላ የት ይሠራል?» በያቸው። ውሰጂ፣ ክፈቺ፣ ምረጪ፣ ግን ስበሪ። ለሴት ስናዝ በየቀኑ የምንለው ነው። ሃንድአውቱ ውስጥ ስለሌለ ማንም ከየትም አይገለብጠውም።

የባቲ ሰኞ
መምህርት፣ ከሁለት ዓመት በፊት የተመረቅኩ ነኝ፤ ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልበል። አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው። እንዲህ ያለ የአማርኛ ጥያቄ ሲመጣ ጓደኞቼ በጆሯቸው ይመልሱታል፤ እኔ ከዜሮ እነሳለሁ። በእኛ አካባቢ ኦሮምኛ፣ አፋርኛ፣ አርጎብኛም የሚናገር ተማሪ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። አንዱን ጥያቄ ማንም ከማያውቀው ቋንቋ ቢያደርጉት ሁላችንም እኩል እንነሳለን። አንድ መምህራችን ስዋሂሊ አምጥተውልን ነበር፦

ኒናሶማ «እያነበብኩ ነው»፣ አናሶማ «እያነበበ ነው»፣ ኒሊሶማ «አነበብኩ»
«አነበበ» ምን ይሆናል?

«አሊሶማ» ብዬ ስጽፍ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። «ኒ» እኔ፣ «አ» እሱ፣ «ና» አሁን፣ «ሊ» ያለፈ ብዬ ለየሁት። ምዕላድ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ፈተና ላይ ነው።

ጦሳ ማዶ
ልጄ፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ግን ይህ ጉዳይ አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል። ስለ እርማቱ ልንገርሽ። ከፈተናው በፊት ነጥቡን ከፋፍለሽ ጻፊ። ለቦርከና ጥያቄ ከ10፦ ለውጦቹን በትክክል ለለየ 3፣ በአንድ ሕግ ለጠቀለለ 4፣ ረን አይቶ ለተከራከረ 3። የረን ምክንያት ባያገኘው እንኳ ችግሩን ካየ ነጥብ ይገባዋል። ስሙን ሸፍኚ፤ የአንዱን ተማሪ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ሳይሆን ጥያቄ አንድን ለ58ቱም፣ ከዚያ ጥያቄ ሁለትን እረሚ። እጅሽ አይዛነፍም፣ ፍጥነትሽም ይጨምራል።

የመውጫ ፈተናን ጉዳይ አትናቂው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉም ተመራቂ የሚያልፍበት ነው፤ ልጆቹ ቢፈሩ እውነታቸውን ነው። ምርጫም ቢሆን ማሰብን ይፈትናል። በ1958 እ.ኤ.አ. ጂን በርኮ የተባለች አሜሪካዊት፣ ሕፃናት የብዙ ቁጥርን ሕግ ማወቃቸውን በሌሉ ቃላት ፈትናለች። አንቺም «ፈገደ» የሚል ግስ ፈጥረሽ አድራጊው ፈጋዲ ነው ወይስ ፈጋጅ ብለሽ ጠይቂ።

ቦርከና
መምህር፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። «ፈጋጅ»ን አማርኛ አፉን የፈታ ሁሉ ሳያስብ ይመልሳታል፤ የባቲው ወንድማችን ያለው ይኸው ነው። በርኮ የፈለገችው ልጆቹ ቋንቋውን ማወቃቸውን ነው፤ እኛ የምንፈልገው መተንተን መቻላቸውን ነው። ምርጫ ከሆነ እንዲህ ይሁን፦

«ድድ ላይ የሚፈጠሩ ተነባቢዎች ሁሉ ይለወጣሉ» የሚለውን ሕግ የሚያፈርሰው የትኛው ነው?
ሀ) ወሳጅ ለ) ሰባሪ ሐ) ፈላጊ መ) ለቃሚ

ሐ ወይም መ የመረጠ «አልተለወጠም» የሚለውን ብቻ ነው ያየው፤ «ገ» እና «መ» ድድ ላይ የሚፈጠሩ እንዳልሆኑ ዘንግቷል። ስህተቱ ራሱ ምን ደግመሽ ማስተማር እንዳለብሽ ይነግርሻል።

ጦሳ ማዶ
ልክ ብለሃል፣ የእኔን ትቼዋለሁ። አንድ ልጨምር፦ ግሩፕ አሳይመንት ካለሽ ለእያንዳንዳቸው አምስት ደቂቃ የቃል ጥያቄ አድርጊ። 290 ደቂቃ፣ አምስት ሰዓት አይሞላም፤ በሁለት ከሰዓት ያልቃል። ማን እንደሠራና ማን ስሙን ብቻ እንዳስጻፈ ይለይልሻል።

የሆጤዋ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ የቦርከናን ዳታ በኩዊዝ ሞከርኩት፣ ነጥቡንም እንዳሉኝ ከፋፈልኩ። ያቺ «ዎቻችን» ያለችው ልጅ 7 አገኘች። ሕጉን አውጥታ ረ ጋ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ሰርዛ፣ ኅዳጉ ላይ የምላስ ሥዕል ስላ ተወችው። ወረቀቱን ስመልስላት «ረ ላይ ምላሴ ይርገበገባል፣ አያርፍም፤ በዚያ ይሆን?» አለችኝ። ለነገ ክፍል የማስገባው ጥያቄ ይኸው ነው። ስዋሂሊውን ለፋይናል አስቀምጬዋለሁ፤ የባቲ ሰኞ፣ ሌላ የምታስታውሰው ዳታ ካለ ላክልኝ።