ካሜራዬ ሰርግ መሃል ቀጥ አለብኝ፣ ብራንድ ልቀይር?

ሰላም ናችሁ፣ ሰርግ ነው የምሰራው፣ 8 አመት ሙሉ ከአንድ ብራንድ ወጥቼ አላውቅም፣ ባለፈው ቅዳሜ ሙሽሮቹ ቀለበት ሲያደርጉ ሹተሩ (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈት የሚዘጋው መጋረጃ) ተጣብቆ ኢረር አለኝ፣ ባትሪ አውጥቼ መለስኩ ሌንስ ቀየርኩ ወይ ፍንክች። ከገዛሁት 14 ወሩ ነው፣ ጋራንቲው አልፏል አሉኝ። እውነት አንጀቴ ነው ያረረው፣ ያ ሰአት እኮ አይመለስም። ሌንሶቹን ሸጬ ልውጣ?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። ሹተር ካውንቱ (እስካሁን ሹተሩ የተኮሰው ብዛት) ስንት ነው? ሹተር እየተከፈተ እየተዘጋ የሚያልቅ እቃ ነው ሰርግ ላይ ደሞ በቀን 2 ሺህ 3 ሺህ ትተኩሳለህ። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ግን ካምፓኒዎቹን ዝም ብለህ አትለፋቸው።

ጠያቂ፦ 31 ሺህ ነው ያለኝ

መልስ፦ ኧረ ይሄማ ገና ነው! የኒኮንን ዲ600 ካሜራ አስታውሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ ነጠብጣብ እየጣለ ሰው ስንት ጮኸ፣ በ2013 ዲ610ን በአዲስ ሹተር አወጡ፣ በ2014 ነው ጋራንቲ ላለፈበትም በነፃ እንሰራለን ያሉት። ስለዚህ በፅሁፍ ጠይቃቸው፣ እምቢ ካሉህ ያኔ ውጣ። እስከዛ ሁለተኛ ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራውን) ተከራይተህም ቢሆን ሳትይዝ ሰርግ እንዳትሄድ።